ከኪስ ስልክ ወደ ሳተላይት፦ የድረሱልኝ መልእክት እንዴት ይጓዛል?

መግቢያ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2022፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በአሜሪካ የአላስካ ግዛት አንድ ሰው በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር ኑርቪክ ከምትባል መንደር ወደ ኮትዝብዩ ሲጓዝ መንገድ ላይ ቀረ። ሥፍራው ከአርክቲክ ክበብ በላይ ነው፤ የሞባይል ኔትወርክ አልነበረም። በእጁ የያዘው ስልክ ግን የድረሱልኝ መልእክት በሳተላይት በኩል ላከለት። መልእክቱ ለግዛቱ ፖሊስ ደረሰ፤ አራት በጎ ፈቃደኛ ፈላጊዎችም ስልኩ ወደ ጠቆመው ቦታ በቀጥታ ሄደው ሰውየውን ያለ ጉዳት አገኙት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ከተማሪዎቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች ይቀርቡልናል። አንደኛው ወገን፣ «ይህ ምን ያስደንቃል? ስልካችን ጂፒኤስ ስላለው ከሳተላይት ጋር ሁልጊዜ ይነጋገር የለምን?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ከሳተላይት ጋር መነጋገር ከቻለ ለምን አጭር ጽሑፍ ብቻ ይልካል? ለምንስ ስልኩን ወደ ሰማይ አቅንቶ መጠበቅ ያስፈልጋል?» በማለት ይጠይቃል። የሁለቱም መልስ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የቀሰመውን የሞገድ ዕውቀት ይዞ፣ ቁጥሮቹን ራሱ እያሰላ መልሱን እንዲያገኝ መርዳት ነው። ጉዳዩ የዕውቀት ብቻም አይደለም። የመሣሪያውን አቅምና ገደብ የማያውቅ መንገደኛ ባልሆነ ቦታ ተማምኖበት ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

1. መስማት ሌላ፣ መናገር ሌላ

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው «እኔ እገሌ ነኝ፤ የምገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱም ይህ ነው» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ያለማቋረጥ ወደ ምድር ያሠራጫሉ። ስልካችን የአራት ወይም ከዚያ በላይ ሳተላይቶችን ምልክት ተቀብሎ፣ ምልክቶቹ ለመድረስ የወሰደባቸውን ጊዜ በማነጻጸር የራሱን ቦታ ያሰላል። በዚህ ሁሉ ሂደት ስልኩ ወደ ሳተላይቶቹ አንዲት ቃል እንኳ አይልክም። ሳተላይቶቹም ስልኩ መኖሩን አያውቁም። ነገሩ ራዲዮ እንደ ማዳመጥ ነው፤ ዜና አንባቢው አድማጩን አያየውም፣ አይሰማውምም።

ስለዚህ ጂፒኤስ ለጠፋ ሰው «የት ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጠዋል እንጂ «እዚህ ነኝ» ብሎ ለሌላ ሰው አይናገርለትም። የድረሱልኝ መልእክት የሚሞላው ይህንን ጉድለት ነው።

መስማቱ ራሱ ቢሆን ቀላል አይደለም። ከጂፒኤስ ሳተላይት ተነሥቶ ምድር የሚደርሰው ምልክት ከ10⁻¹⁶ ዋት ብዙም አይበልጥም። ዘወትር የሚታወቀው የጂፒኤስ ምልክት የቦታና የሰዓት መረጃውን የሚያስተላልፈውም በሰከንድ 50 ቢት ብቻ በሆነ ፍጥነት ነው። ቢት ማለት «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብሎ ሊመለስ የሚችል የአንድ ጥያቄ መልስ፣ ማለትም 1 ወይም 0 ነው። ደካማ ምልክትና ዝግተኛ መልእክት እዚህ ላይ አብረው መምጣታቸውን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ርቀት የሚያስከፍለው ዋጋ

አሁን ስልኩ ተናጋሪ፣ ሳተላይቱ ሰሚ ይሁን። አፕል የተባለው ኩባንያ ይህን አገልግሎት በአይፎን 14 ስልኮቹ ላይ በኖቬምበር 2022 በአሜሪካና በካናዳ ሲጀምር የተጠቀመው የግሎባልስታርን ሳተላይቶች ነው። እነዚህ ሳተላይቶች 1,414 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ይህ ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ካለው የአየር ርቀት ይበልጣል።

ከአንድ ነጥብ የሚነሣ ሞገድ እየራቀ በሄደ ቁጥር በሚሰፋ ሉል ላይ ይበተናል። የሉል ገጽ ስፋት በርቀቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል በርቀቱ ካሬ ይቀንሳል። (ኃይል ስንል በዋት የሚለካውን ማለታችን ነው።) የስልክ ማማ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝ ሳተላይቱ ከማማው 283 ጊዜ ያህል ይርቃል። ወደ ሳተላይቱ የሚደርሰው ኃይል ግን በ283 ሳይሆን በ80,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ይሆናል።

ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ የሚከተለውን ቀመር እንጠቀም። ቀመሩ ስልኩም ሆነ ሳተላይቱ ኃይልን በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚልኩና የሚቀበሉ አንቴናዎች አሏቸው ብሎ ያስባል፦

የሚደርሰው ኃይል = የተላከው ኃይል × (የሞገድ ርዝመት ÷ (4 × 3.14 × ርቀት))²

ስልክ በተለመደው የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ የሚያመነጨው ከፍተኛ ኃይል 0.2 ዋት ገደማ ነው። ለሳተላይቱም ይህንኑ እንውሰድ። ወደ ግሎባልስታር ሳተላይቶች የሚላከው ሞገድ ድግግሞሹ 1,610 ሜጋኸርትዝ ገደማ ነው፤ የብርሃንን ፍጥነት ለዚህ ድግግሞሽ ስናካፍል የሞገድ ርዝመቱ 0.186 ሜትር ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች በቀመሩ ውስጥ ስንተካ የምናገኘው ውጤት 2.2 × 10⁻¹⁷ ዋት ነው። ይህም ሳተላይቱ በቀጥታ ከራሳችን በላይ ሲሆን ነው። ወደ አድማሱ ዘንበል ብሎ ከአድማስ በላይ 20 ዲግሪ ላይ ቢገኝ ርቀቱ ወደ 2,800 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል፤ ኃይሉም በአራት እጥፍ ይቀንሳል።

3. በሁካታ መካከል መስማት

2.2 × 10⁻¹⁷ ዋት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን «ትንሽ» ማለት ከምን አንጻር ነው? የትኛውም ተቀባይ መሣሪያ ከሙቀቱ የተነሣ ኤሌክትሮኖቹ ያለ ሥርዓት ይንቀጠቀጣሉ፤ ይህም ምልክቱን የሚረብሽ ሁካታ ይፈጥራል። የሁካታው ኃይል የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር፣ የፍጹም ሙቀት መጠንና ተቀባዩ የሚያዳምጠው የድግግሞሽ ስፋት ብዜት ነው። ሙቀቱን 290 ኬልቪን ብንወስድ ለእያንዳንዱ 1 ኸርትዝ ስፋት 4 × 10⁻²¹ ዋት ሁካታ ይኖራል።

እንግዲህ ሁለት ሁኔታዎችን እናነጻጽር። ተቀባዩ ለፈጣን ኢንተርኔት እንደሚደረገው 10 ሜጋኸርትዝ ስፋት ከፍቶ ቢያዳምጥ ሁካታው 4 × 10⁻¹⁴ ዋት ይሆናል፤ ይህ ከምልክቱ 1,800 ጊዜ ያህል ይበልጣል። 1,000 ኸርትዝ ብቻ ከፍቶ ቢያዳምጥ ግን ሁካታው ወደ 4 × 10⁻¹⁸ ዋት ይወርዳል፤ አሁን ምልክቱ ከሁካታው አምስት ጊዜ ያህል በለጠ። ስልኩ አልበረታም፣ ሳተላይቱም አልቀረበም። የተለወጠው የመስኮቱ ስፋት ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ጠባብ መስኮት ዋጋ አለው። ክላውድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ በ1948 እንዳረጋገጠው፣ በአንድ መገናኛ ውስጥ ያለ ስሕተት ሊተላለፍ የሚችለው የመረጃ ፍጥነት በድግግሞሹ ስፋትና በምልክቱ ከሁካታው መብለጥ ይወሰናል። በሁለተኛው ምሳሌያችን ወሰኑ በሰከንድ 2,700 ቢት ያህል ነው። አንድ ተራ የቪዲዮ ጥሪ በሰከንድ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ቢቶች ይፈልጋል። መስኮቱን ወሰን በሌለው ሁኔታ ብናሰፋው እንኳ ይህ ምልክት በሰከንድ ከ8,000 ቢት አያልፍም። የሳተላይቱ ትልቅ አንቴና ይህን ወሰን ከፍ ያደርገዋል፤ በአንጻሩ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የያዥው እጅና የሳተላይቱ ዝቅ ማለት መልሰው ያወርዱታል።

ይህን አሠራር የደጋው ሕዝባችን ያለ ቀመር ያውቀዋል። ገደል ለገደል ተራርቀው የሚጠራሩ ሰዎችን እናስብ። ጠሪው ረጅም ወሬ አያወራም። እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ፣ ድምፁን ስቦና አርዝሞ፣ የተጠሪውን ስም ደጋግሞ ይጣራል። እጁን በአፉ ዙሪያ ማድረጉ ድምፁን ወደ አንድ አቅጣጫ ለመላክ ነው፤ ይህ የአንቴና ሥራ ነው። ቃሉን መሳቡ ለእያንዳንዱ ድምፅ ብዙ ጉልበት ለመስጠት ነው፤ ይህ ዝግ ብሎ መላክ ነው። ስም ብቻ መጥራቱ መልእክቱን ማሳጠር ነው። መደጋገሙ ደግሞ በነፋስ የተወሰደውን ለመተካት ነው፤ መሐንዲሶች ስሕተት ማረም የሚሉት ይኸው ነው። የሳተላይት ድረሱልኝ የተሠራው በእነዚህ አራት ዘዴዎች ነው።

4. አንድን ሰው ለማግኘት ስንት ቢት ይበቃል?

ዝግ ብሎ መናገር የግድ ከሆነ፣ ቀጣዩ ጥያቄ «ቢያንስ ምን ያህል መናገር አለብን?» የሚለው ነው።

የምድር ገጽ ስፋት 510 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 5.1 × 10¹⁴ ካሬ ሜትር ነው። ይህን ሁሉ ወርዱና ቁመቱ 10 ሜትር በሆነ መደብ ብንከፋፍለው 5.1 × 10¹² መደቦች እናገኛለን። አንድ ሰው ከእነዚህ በየትኛው መደብ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ «ከዚህኛው ግማሽ ውስጥ ነውን?» እያልን ደጋግመን ለሁለት ብንከፍል 43 ጥያቄዎች ይበቁናል፤ 2⁴³ ከ8 ትሪሊዮን ይበልጣልና። ስለዚህ በምድር ላይ ያለን ማንኛውንም ሰው፣ በውቅያኖስም በበረሃም ቢሆን፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ መደብ ውስጥ ለማመልከት የሚያስፈልገው 43 ቢት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የችግሩን ዓይነት እንጨምር። ስልኩ «ምን ደረሰብህ? ማን ጉዳት ደረሰበት? ያለህበት ቦታ ምን ዓይነት ነው?» የመሳሰሉ አጫጭር ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ መልሶቹን ከዝርዝር ያስመርጣል። ከስምንት አማራጮች አንዱን መምረጥ 3 ቢት ነው፤ አምስት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች 15 ቢት ይሆናሉ። የባትሪውን መጠን በመቶኛ ለመግለጽ 7 ቢት ይበቃል። ድምሩ 65 ቢት ነው።

ይህን ከጽሑፍ ጋር እናነጻጽረው። «ድረሱልኝ» የሚለው ቃል አምስት ፊደላት አሉት። በተለመደው የሞባይል አጭር መልእክት አንድ የግዕዝ ፊደል 16 ቢት ስለሚወስድ ቃሉ ብቻውን 80 ቢት ይሆናል። በአንድ አጭር መልእክት 160 የላቲን ፊደላት የሚገቡትን ያህል የአማርኛ ፊደላት የማይገቡትና በ70 ላይ የሚቆመውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ የሰውየው ቦታ፣ የደረሰበት ችግርና የባትሪው መጠን በአንድነት «ድረሱልኝ» ከሚለው ቃል ያነሰ ቦታ ይይዛሉ። ስልኩ ለተጨነቀው ሰው ባዶ ገጽ ከመስጠት ይልቅ የተዘጋጁ ጥያቄዎች የሚያቀርብለት ለዚህ ነው። በተጨማሪም ደንግጦ የተቀመጠ ሰው ቦታውን መናገር ይረሳል፤ ስልኩ ግን አይረሳም። በእርግጥ በተግባር የሚላከው መልእክት የላኪውን መለያና የስሕተት ማረሚያ ቢቶችንም ስለሚይዝ ከዚህ ይረዝማል። አፕል አገልግሎቱን ሲያስተዋውቅ ጽሑፉን በሦስት እጥፍ የሚያሳጥር ዘዴ መቀየሱን፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥርም አንድ መልእክት 15 ሰከንድ ያህል እንደሚወስድ ገልጿል።

አጭርነትን መምረጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1906 በበርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ቴሌግራፍ ጉባኤ የተወሰነውና በ1908 ሥራ ላይ የዋለው «ኤስ ኦ ኤስ» ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ድምፅ ብቻ ነው። ኮስፓስ-ሳርሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የሳተላይት ነፍስ አድን ሥርዓት አውሮፕላኖችና መርከቦች የሚይዙት፣ በ406 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው የተለመደው የድረሱልኝ መሣሪያም መልእክቱ 112 ወይም 144 ቢት ነው። ይህንንም ግማሽ ሰከንድ ገደማ በሚወስድ ጊዜ ይልክና ከ50 ሰከንድ ያህል በኋላ ይደግመዋል፤ ልክ እንደ ገደል ማዶው ጠሪ።

5. የሚሮጠውን ሳተላይት መከተል

በ1,414 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት በሰከንድ 7.15 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ከ25,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ምድርን በ114 ደቂቃ ይዞራል። ከአንድ ቦታ ለቆመ ሰው ከአድማስ እስከ አድማስ የሚታየው ቢበዛ ለ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ስልኩ የሳተላይቶቹን የጉዞ መረጃ አስቀድሞ ይይዛል፤ ከራሱ ቦታና ሰዓት ጋር አገናዝቦም በዚያች ደቂቃ ሳተላይቱ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። በመስኮቱ ላይ «ወደ ግራ ዙር»፣ «ወደ ቀኝ ዙር» እያለ የሚመራውም በዚህ ስሌት ነው። የስልኩ ትንሽ አንቴና ኃይሉን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለማይልክ፣ ያዡ መዞሩ ያንን ጥቂት ብልጫ ወደ ሳተላይቱ ያደርሰዋል።

ፍጥነቱ ሌላም ችግር ያስከትላል። ሳይረኑን እያሰማ ወደ እኛ የሚመጣ አምቡላንስ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ይሰማናል፤ አልፎን ሲሄድ ደግሞ ይጎረንናል። ይህ የዶፕለር ውጤት በራዲዮ ሞገድ ላይም ይሠራል። ሳተላይቱ ከአድማስ ብቅ ሲል ወደ ስልኩ የሚቀርብበት ፍጥነት በሰከንድ 5.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1,610 ሜጋኸርትዝ ላይ ይህ የ31 ኪሎ ኸርትዝ ያህል ለውጥ ያመጣል። መስኮታችን 1 ኪሎ ኸርትዝ ብቻ ከሆነ ምልክቱ ከመስኮቱ ሠላሳ ጊዜ ርቆ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ማካካስ የሚቻለው የሳተላይቱ ፍጥነት ከነአቅጣጫው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው።

ይህ ችግር በአንድ ወቅት መፍትሔ ሆኖ ማገልገሉ ሊጠቀስ ይገባል። በጥቅምት 1957 ስፑትኒክ ስትመጥቅ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ባልደረቦች የነበሩት ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ የምልክቷን የድግግሞሽ ለውጥ ብቻ በመለካት ምሕዋሯን አሰሉ። ነገሩን ስንገለብጠው፣ ምሕዋሩ የታወቀ ሳተላይት የሚሰማው የድግግሞሽ ለውጥ በምድር ላይ ያለውን ላኪ ቦታ ይነግረናል። ሶቪየት ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ካናዳና ፈረንሳይ በጋራ የመሠረቱት ኮስፓስ-ሳርሳት ሥራውን የጀመረው በዚህ ዘዴ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይቱ በሰኔ 1982 መጠቀች፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በካናዳ በወደቀች ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩ ሦስት ሰዎች በእርሷ ርዳታ ተረፉ።

6. ከሳተላይት እስከ ነፍስ አድን ቡድን

የግሎባልስታር ሳተላይቶች መልእክቱን አንብበው የሚተረጉሙ አይደሉም። እንደ መስተዋት የመጣላቸውን ምልክት አጉልተው፣ ድግግሞሹን ቀይረው፣ ወደ ምድር ጣቢያ ይመልሱታል። ስለሆነም በአንድ ጊዜ ስልኩንም ጣቢያውንም የሚያይ ሳተላይት መኖር አለበት። ጣቢያ በሌለበት ሰፊ ውቅያኖስ መካከል ሰማዩ ጥርት ቢልም መልእክቱ መድረሻ ላያገኝ ይችላል።

አንዳንድ አንባብያን የ15 ሰከንዱ መዘግየት ከርቀቱ የመጣ ሊመስላቸው ይችላል። አይደለም። ብርሃን 1,414 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ ከሺሕ አንድ ሰከንድ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም። ጊዜው የሚጠፋው በመንገድ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ቢት ረጅም አድርጎ በመናገር ነው።

መልእክቱ ከምድር ጣቢያው ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪ ማዕከል ይሄዳል። ማዕከሉ ጽሑፍ የማይቀበል ከሆነ በመካከል የተቀመጡ የሠለጠኑ ሠራተኞች አንብበው በስልክ ይደውሉለታል። ዲሴምበር 13 ቀን 2022 በካሊፎርኒያ፣ በአንጀለስ ብሔራዊ ደን ውስጥ ሁለት ሰዎች የያዘ መኪና 90 ሜትር ያህል ጥልቀት ወዳለው ሸለቆ በወደቀ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። መልእክቱ ለእነዚህ ሠራተኞች ደረሰ፤ እነርሱ ለአካባቢው ፖሊስ ደወሉ፤ ሄሊኮፕተር ተልኮም ሁለቱም ወጡ። ሳተላይቱ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ስልክ የሚያነሣ ሰው፣ ነዳጅ የተሞላ ሄሊኮፕተርና የሠለጠነ ቡድን ባይኖር ኖሮ 43ቱ ቢቶች የትም ባላደረሱ ነበር።

7. ሌሎች መንገዶች

ከላይ ያየነው አንድ መንገድ ነው። የቻይናው ሁዋዌ በመስከረም 2022 ቤይዱ በተባለው የአገሩ የሳተላይት ሥርዓት አጭር መልእክት የሚልክ ስልክ አቅርቧል።

ሌላው መንገድ ስልኩን እንዳለ ትቶ ሳተላይቱን መለወጥ ነው። አንቴናው ሲሰፋ ተጨማሪ ኃይል ይሰበስባል፤ ምሕዋሩ ሲቀርብ ደግሞ የርቀቱ ዋጋ ይቀንሳል። በመስከረም 2022 የመጠቀችው ብሉዎከር 3 የተባለች የሙከራ ሳተላይት 64 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንቴና ዘርግታለች። ስታርሊንክ በጃንዋሪ 2024 ማምጠቅ የጀመራቸው፣ ከተራ ስልክ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ሳተላይቶች ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እንዲዞሩ የተደረጉ ናቸው። ከ1,414 ኪሎ ሜትር ጋር ሲነጻጸር ይህ 15 ጊዜ ያህል የበረታ ምልክት ይሰጣል። ነገር ግን ዝቅ ያለ ሳተላይት የሚያየው የምድር ክፍል ጠባብ ስለሆነ ብዛት ያላቸው ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። በፊዚክስ በአንድ በኩል የተገኘው በሌላ በኩል ይከፈላል።

8. መሣሪያው የማይሠራበት ሁኔታ

የእነዚህን ስሌቶች ትርጉም በመስክ ላይ እንመልከተው። ምልክቱ ከሁካታው የሚበልጠው በጥቂት እጥፍ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሹን የሚወስድ ማንኛውም ግርዶሽ መልእክቱን ሊያቋርጠው ይችላል። ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ጠባብ ሸለቆ፣ የቤት ጣራና የመኪና ቆርቆሮ ሁሉ ጠላቶቹ ናቸው። ስልክን በኪስ ወይም በቦርሳ ውስጥ አድርጎ መልእክት መጠበቅም ከንቱ ነው። የሳተላይቶቹ ምሕዋርም ወደ ምድር ወገብ 52 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጉ አገልግሎቱ ይዳከማል። ኩባንያው ከ62 ዲግሪ ኬክሮስ በላይ ላይሠራ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ በመግቢያችን ያነሣነው የአላስካ መንገደኛ ከዚያ ወሰን አልፎ መገኘቱን ስናስብ ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል።

ከፊዚክስ ውጭ ያለ ገደብም አለ። የራዲዮ ድግግሞሽ በየአገሩ በሕግ የሚተዳደር ሀብት ነው። አገልግሎቱ በ2022 ሲጀመር ከአሜሪካና ከካናዳ ቀጥሎ የደረሳቸው ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ አየርላንድና ብሪታንያ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ እጅ የመጣ ስልክ አንቴናውን ይዞ ቢመጣም ፈቃዱን፣ የምድር ጣቢያውንና የነፍስ አድን ተቋሙን ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ለጂኦሎጂ ወይም ለባዮሎጂ የመስክ ጥናት ኔትወርክ ወደማይገኝበት ሥፍራ የሚወጡ ተማሪዎች የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ እንመክራለን፦

ሀ) አገልግሎቱ በሚሄዱበት አገር መኖሩን ከመነሣታቸው በፊት ያረጋግጡ፤ ካለም ስልኩ የሚሰጠውን የመለማመጃ ዘዴ አስቀድመው ይሞክሩት።
ለ) የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት ለሚቀር ሰው ይንገሩ፤ ይህ ሳተላይት አያስፈልገውም።
ሐ) የስልኩን ባትሪ ለችግር ቀን ይቆጥቡ።
መ) አደጋ ቢደርስና መንቀሳቀስ ከቻሉ፣ ሰማይ በሰፊው ወደሚታይበት ገላጣ ቦታ ይውጡ፤ ስልኩን በእጅ ይዘው ምሪቱን ይከተሉ፤ መልእክቱ መሄዱ እስኪረጋገጥም ይታገሡ።

ማጠቃለያ

ስልካችን ከሳተላይት መስማቱ ወደ ሳተላይት ለመናገሩ ማስረጃ አይደለም። 0.2 ዋት ይዞ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጣራ መሣሪያ ርቀቱን በጉልበት ሊያሸንፈው አይችልም፤ የሚያሸንፈው በማሳጠር፣ በመዘግየት፣ በማቅናትና በመደጋገም ነው። ይህም የሚቻለው ሕይወት የሚያድነው መልእክት በተፈጥሮው አጭር ስለሆነ ነው። «የት ነህ? ምን ሆንክ?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ሰባ የማይሞሉ ቢቶች በቂ ናቸው። ተማሪዎቻችን የርቀት ካሬን ሕግ፣ የሙቀት ሁካታንና የዶፕለርን ውጤት በየምዕራፉ ለየብቻ ሲያጠኑ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት በአንድ መንገደኛ እጅ ላይ አብረው እንደሚሠሩ ቢያስታውሱ ደስታችን ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ምድርን ከዞረችበት ፍጥነት ጋር እኩል የሚዞርና ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳተላይት የሚደርሰው ኃይል በ1,414 ኪሎ ሜትር ላይ ካለው በስንት ጊዜ ያንሳል? ምልክቱስ ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?

2. የመደቡን መጠን ከ10 ሜትር በ10 ሜትር ወደ 1 ሜትር በ1 ሜትር ብናሳንሰው የቦታው መግለጫ ስንት ቢት ይሆናል?

3. ለግዕዝ ፊደላት ብቻ የተዘጋጀ 384 ቦታዎች ያሉት ሠንጠረዥ ቢኖረን አንድ ፊደል በስንት ቢት ይገለጻል? «ድረሱልኝ» የሚለው ቃልስ?

መልስ፦ 1) በ640 ጊዜ ያህል፤ 0.12 ሰከንድ። 2) 49 ቢት፤ መደቦቹ መቶ እጥፍ ሲበዙ የተጨመረው 6 ቢት ብቻ ነው። 3) 9 ቢት፤ ቃሉ 45 ቢት።